ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች፦ ስለ ገደላማው የእግር መንገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። ሰሜን ተራሮችን በእግሬ የሄድኩት ግን አድጌ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ልጆች ሳለን «ፈረንጅ የሚሄድበት ነው» እንል ነበር። አሁን ዘመድም ጎረቤትም ለመሄድ ሲያስብ ይደውልልኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከባድ የሚባለው የትኛው መንገድ ነው?

ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። የተለመደው የእግር ጉዞ ከሳንቃ በር (3,250 ሜትር ገደማ) ይነሳና ወደ ግጭ (3,600) ይሄዳል። ከዚያ በእሜት ጎጎ (3,926) አድርጎ ጨነቅ (3,620) ይገባል። ወደ ራስ ደጀን የሚቀጥል ሰው ደግሞ ቧሂትን ተሻግሮ፣ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ አምቢቆ ላይ አድሮ ወደ 4,550 ሜትሩ አናት ይወጣል። ራስ ዳሸን የሚባለውም ይኸው ራስ ደጀን ነው።

ከሳንቃ በር እስከ ግጭ ያለውን ማንም ጤነኛ ሰው ረጋ ብሎ ይሄደዋል። እኔ ከባድ የምለው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው የእሜት ጎጎ ተረተር ነው፤ ወደ ጫፉ ስትጠጉ መሬቱ እየጠበበ ይሄድና ግራና ቀኙ ገደል ይሆናል። ሁለተኛው ከቧሂት ማለፊያ ወደ መሸሃ የሚወስደው ቁልቁለት ነው። ይሄ ገደል የለበትም ማለት ይቻላል፤ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ከ3,000 በታች ስለምትወርዱ ጉልበት ይፈታል። ሦስተኛው የራስ ደጀን አናት ነው። መጨረሻው ላይ በእጅ እየያዙ የሚወጡት የአለት ግድግዳ አለ። ረጅም አይደለም፤ ገመድም አይጠይቅም። ግን የምትደርሱበት ደክማችሁ ነው።

የተራራ መውጣት ልምድ የለኝም። እችለዋለሁ?

ግጭንና እሜት ጎጎን ለማየት ጽኑ እግርና ትዕግሥት ይበቃል። ለራስ ደጀን ግን ቢያንስ ለሁለት ወር እግራችሁን አለማምዱ። ጎንደር ያላችሁ ሰዎች ለዚህ ታድላችኋል። ከፒያሳ ጎሃ ድረስ ዳገቱን በጠዋት ውጡ፤ በሳምንት ሦስት ቀን። ሌላ ቀን ወደ ቁስቋም። ከአንድ ወር በኋላ ቦርሳ ውስጥ 8 ሊትር ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ውሃውን ላይ ስትደርሱ አፍስሱትና ባዶ ቦርሳ ይዛችሁ ውረዱ። ጉልበት የሚጎዳው ጭነት ይዞ መውረድ ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው።

ገደል አጠገብ ስቆም እግሬ ይንቀጠቀጣል። ልቅር?

አትቅሩ። እኔም ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። መጀመሪያ እሜት ጎጎ የወጣሁ ቀን ተረተሩ መሃል ላይ ስደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ተቀመጥኩ። በቅሎ ጫኙ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ተመልሰው መጡና ከገደሉ በኩል ባለው ጎኔ ቆሙ። «አይዞሽ ልጄ። ገደሉን ተይው፤ እግርሽ የሚያርፍበትን እይ» አሉኝ። ከዚያ በዱላቸው ጫፍ አንዷን ድንጋይ ነካ አደረጉ። ረገጥኳት። ቀጥለው ሌላዋን ነኩ። እንደዚህ ድንጋይ በድንጋይ ተሻገርን።

እስከ ዛሬ የምጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። ዓይን ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደፊት ያያል፤ ወደ ታች አያይም። ማየት ስትፈልጉ ቁሙ። ስትሄዱ አትዩ። ፍርሃቱ ሲመጣ ደግሞ ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አውጡ፤ ያኔ ጡንቻው ይለቃል።

አንድ ነገር ግን ልለይ። መንቀጥቀጥ ሌላ ነው፣ ማዞር ሌላ ነው። ጭንቅላታችሁ የሚዞር ከሆነ፣ ያውም ከፍታው ላይ፣ ጠባቡን ቦታ ተዉት። ወደ ኋላ ጥቂት ሜትር ያለው ሰፊ ሜዳም ያንኑ ገደል ያሳያችኋል።

ጠባቡ ቦታ ላይ በትክክል እንዴት ነው የሚኬደው?

ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

የሰሜን ተራሮች ድንጋይ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ንብብር ንብብር ሆኖ ተከምሯል። አንዱ ንብብር እንደ ብረት ጠንካራ ነው። ቀጥሎ ያለው በእጅ ይፈረፈራል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ስለያዘላችሁ ጎረቤቱም ይይዛል ማለት አይደለም። በእጅ ስትይዙ መጀመሪያ ነቅነቅ አድርጉት፣ መታ መታ አድርጉት። የባዶ ነገር ድምፅ ካሰማ ተዉት። ከአራቱ እጅና እግራችሁ ሦስቱ ሁልጊዜ ተራራውን ይዘው፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ።

ጠጠር ደግሞ ከገደሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጠፍጣፋ አለት ላይ የተበተነ ጠጠር ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ነው፤ እግር ስታሳርፉበት ይንከባለላል። ቁልቁል ስትሄዱ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ፣ አጭር እርምጃ ተራመዱ። ወደ ኋላ አትንጋለሉ። የፈራ ሰው ወደ ተራራው ይጋደማል፤ ያኔ ነው እግሩ ከሥሩ የሚሸሸው። ክብደታችሁ እግራችሁ ላይ ይሁን።

ከአፋፉ ቢያንስ ሁለት ሜትር ራቁ። ጓሳው ከአፋፉ አልፎ ስለሚንጠለጠል ከላይ ሲያዩት መሬት ይመስላል። ሥሩ ባዶ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከጎን ሆኜ ሳየው፣ ቅድም ሰው ቆሞ ፎቶ የተነሳበት ሣር ሥር አየር ብቻ ነበር። ሆዴ ነው የራደው።

በቅሎ ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ ተራራው ጎን ተጠጉ። ወደ ገደሉ ጎን አትቁሙ። በቅሎዋ ጭነቷ ምን ያህል እንደሚሰፋ አታውቅም፤ ቀስ ብላም ብትነካችሁ ትገፋችኋለች። ጫኞቹ ከሩቅ ይጮኻሉ። ድምፁን ስትሰሙ ያኔውኑ ሰፊ ቦታ ፈልጉ።

ድንጋይ ከነካችሁና ከተንከባለለ፣ ከበታች ሰው ባታዩም «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። በታች ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። ለመዝናናት ድንጋይ ወደ ገደል መወርወር የምትወዱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ዋልያ የሚውለው እዚያ ገደል ላይ ነው። ከዚህ አገር ውጪ በዱር የትም የለም።

ምርኩዝ ለዳገቱና ለቁልቁለቱ ጥሩ ነው። በእጅ መያዝ የሚጠይቅ ቦታ ስትደርሱ ግን ቦርሳ ላይ እሰሩት። የእጅ ማስገቢያ ጠፍሩንም ከእጃችሁ አውልቁት።

ራስ ደጀን ደርሶ ለመመለስ ስንት ቀን ይበቃል?

ከሳንቃ በር በእግር ከተነሳችሁ ሰባት ቀን ብትይዙ ደስ ይለኛል። የቸኮሉ በመኪና ጨነቅ ድረስ ይሄዱና በሦስትና በአራት ቀን ጨርሰው ይመለሳሉ። አልመክርም፤ ምክንያቱን ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

ከጨነቅ ቧሂትን ተሻግሮ አምቢቆ መድረስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በማግስቱ ከአምቢቆ አናቱ ደርሶ መመለስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የሚሆን ጉዞ ነው፤ 1,350 ሜትር ወጥታችሁ ያንኑ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። የግንባር ባትሪ ያዙ፤ የስልክ መብራት አይሆንም፣ አንድ እጃችሁን ይይዝባችኋል።

የመመለሻ ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። እኛ 6 ሰዓት ነው የምንለው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አናቱ ካልደረስን፣ 50 ሜትር ቢቀረንም እንዞራለን። ሰዓቱን ማታ፣ እራት ላይ፣ ሁሉም ሰው ባለበት ተናገሩት። ተራራው ላይ ሆኖ መወሰን ከባድ ነው። ጫፉን እያዩ «ትንሽ ነው የቀረን» የማይል ሰው የለም።

እኔ ደጋ ነው ያደግሁት። ከፍታ ምን ያደርገኛል?

ጎንደር ወደ 2,200 ሜትር ነች። ይሄ ከቆላ ከመጣ ሰው ትንሽ ያስቀድማችኋል። ነገር ግን የራስ ደጀን አናት ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ60 በመቶ በታች ነው። ወጣት መሆንና ጉልበተኛ መሆን አይከላከልም። እንዲያውም ጉልበተኛው ነው ፈጥኖ የሚወጣው፤ ፈጥኖ የሚታመመውም እሱ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ በጠዋት ከጎንደር ተነስተን በመኪና በዚያው ቀን ጨነቅ ገባን። ጥፋቱ የኛ ነበር። ማታ አንዱ ጓደኛችን እራት አልበላም አለ። «ድካም ነው» አለን፤ ዝም አልነው። ለካ ራሱን እየፈለጠው ነበር፤ ጉዞውን እንዳያበላሽብን ብሎ ነው የደበቀን። ሌሊት አስታወከው። ጠዋት ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ማሰር አቃተው። ያኔ ነው የደነገጥኩት። መኪናው እዚያው ስለነበር ወዲያው ወደ ደባርቅ አወረድነው። ከሰዓት በኋላ ምግብ ጠየቀ።

ስለዚህ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ (2,800 ገደማ) እደሩ። ራስ ምታት ላይ ማስታወክ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ከልክ ያለፈ ድካም ከተጨመረ ከፍታው ይዟችኋል ማለት ነው፤ እስኪሻላችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ። የተጠራጠራችሁትን ሰው ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያገናኘ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ እንዲሄድ ጠይቁት። ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ሲያስለው አረፋ ከወጣው፣ ማደር የለም። በሌሊትም ቢሆን ይውረድ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ዲያሞክስ የሚባለው ኪኒን አስቀድሞ ለመከላከል ይረዳል፤ ግን ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትዋጡት።

አረቄ ለብርዱ የሚሉ አሉ። አይሆንም። ሙቀት የመጣ ይመስላችኋል እንጂ ሰውነታችሁ ያለውን ሙቀት እያወጣ ነው። እንቅልፍ ላይም ትንፋሽ ያዳክማል።

መቼ ልሂድ?

ከጥቅምት እስከ የካቲት። ጥቅምት ላይ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ አየሩም ታጥቧል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ጠዋት የውሃ ኮዳችሁ አፍ በረዶ ሠርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። የጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ እንግዲያው ከጥምቀት በኋላ ተነሱ። መጋቢት ላይ አየሩ በአቧራና በጭጋግ ይደበዝዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ወንዙ ይሞላል። በክረምት ገደላማውን መንገድ አትሞክሩ።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ደባርቅ ካለ ሰው ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ አይተናል። የባለፈው ወር ወሬ ይዛችሁ አትሂዱ።

ስካውት (ጠብመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ) የግድ ነው? ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ።

የግድ ነው። ደባርቅ ስትመዘገቡ ይመደብላችኋል። አስጎብኚ፣ በቅሎና ጫኝም እዚያው ታገኛላችሁ። ጠብመንጃ የያዘ ሰው አብሮኝ ሲሄድ ይከብደኛል የሚል አለ። ሁለት ቀን አብራችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ይህን አትሉም። አገሩን እንደ ጓሮው ያውቀዋል።

አንድ አደራ አለኝ። ስካውቱና ጫኙ ሮብና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በየቀኑ፣ ጾመው ሊሆን ይችላል የሚሄዱት። እናንተ በየሰዓቱ እየበላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እነሱ ምንም ሳይቀምሱ ዳገቱን ይወጣሉ። የጾም ምግብ ያዙላቸው። ስንት ሰዓት እህል እንደሚቀምሱ ጠይቁና የምሳ እረፍታችሁን ከዚያ ጋር አገናኙት። ደግሞም ብርድ ልብስ አላቸው ወይ ብላችሁ እዩ። ጋቢ ብቻ ይዞ 3,600 ሜትር ላይ የሚያድር አባት አይቻለሁ።

ጉም ቢመጣስ?

ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከቆላው በገደሉ ፊት ለፊት ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ጭስ ቀጭን ነው፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ይሸፍናል። ተረተር ላይ ከያዛችሁ፣ እንደ ጅብራ ተገትራችሁ ቁሙ። እውነተኛው ጅብራም፣ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እዚያው አጠገባችሁ ነው። ስም እየጠራራችሁ ተሰባሰቡ። ጉም የማይገለጥ መስሎ ይገለጣል፤ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መንገዱን «አውቀዋለሁ» ብሎ መቀጠል አይገባም። ለዚህ ነው እሜት ጎጎን ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ የምለው።

መብረቅስ?

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከተረተሩ ውረዱ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። አንድ ላይ ተኮልኩላችሁም አትቀመጡ፤ ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ።

ምን ዓይነት ጫማ?

የለመዳችሁትን። አዲስ ጫማ ገዝቶ ደባርቅ ላይ ማድረግ ለሳምንት ቁስል ማዘጋጀት ነው። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ጫፉ ላይ የአውራ ጣት ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ወደ ፊት ይሄዳልና። ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የከረመ ጫማ ማስቲሹ ይደርቃል። የእህቴ ጫማ መሸሃ ቁልቁለት ላይ ሶሉ ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። በበቅሎ ገመድ አስረንላት ነው አምቢቆ የገባችው። ከመሄዳችሁ በፊት ሶሉን በሁለት እጅ ጎትታችሁ ፈትሹ። የእግራችሁንም ጥፍር በልኩ ቁረጡ፤ ረጅም ከሆነ ይጠቁራል።

ምን እንብላ? ምን እንጠጣ?

በሶና ቆሎ። ስንት ዓይነት የታሸገ ነገር ሞክሬ የተመለስኩት ወደዚሁ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ስኳር ወይም ማር ስትጨምሩበት ጉልበት ይሰጣል። ለእራት ሽሮ ጥሩ ነው። ባቄላና ሽምብራ ግን ያልተከካ አትያዙ። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ጥሬው ሌሊቱን ሙሉ ቢንተከተክም አይበስልም።

ውሃ በቀን ሦስት ሊትር። የምንጩን አፍሉት፤ ከብት ከላይ አለ። ፀሐዩም ቢበርዳችሁ ይለበልባል፤ ኮፍያና ቅባት አትርሱ።

እሳት የምታነዱ ከሆነ በተፈቀደበት ቦታ ብቻ ይሁን። መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲነድ ጎንደር ሆነን ያየነው ጭንቀት አይረሳኝም፤ እሳቱን ለማጥፋት ከውጭ አገር ሄሊኮፕተር እስከ መምጣት ደርሶ ነበር። የደረቀ ጓሳ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ይተናኮላል?

ሣር በሊታ ነው፤ ሥራው እሱ ነው። ምግብ አትስጡት፣ በመንጋው መሃል አትሂዱ፣ ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ራቅ በሉ።

ብጎዳ ማን ይደርስልኛል?

መኪና በማይገባበት ቦታ የሚደርስላችሁ በቅሎ ነው። ስለዚህ አንድ በቅሎ ያለ ጭነት አብራ ትሂድ፤ ወጪ ይጨምራል፣ ቢሆንም ይክፈል። የተጎዳ ሰው በበቅሎ መኪና እስከሚገባበት፣ ከዚያ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከባሰም ጎንደር ነው የሚመጣው። ይሄ ከአምቢቆ ሲሆን አንድ ቀን ከምናምን ይፈጃል። ኔትወርክ ብዙ ቦታ የለም። አንዳንድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብቅ ይላል፤ ስካውቶቹ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሆነ ያውቃሉ። የጉዞ ዕቅዳችሁን ቀን በቀን ጽፋችሁ ጎንደር ለሚቀር ቤተሰብ ተዉለት፤ «በዚህ ቀን ካልደወልኩ ደባርቅ ደውል» የሚል መስመር ይኑርበት።

ልጆች ይዤ ልሂድ?

አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ሳንቃ በር አካባቢና ጅንባር ፏፏቴ ድረስ ይደሰታል። ፏፏቴው ማያ ላይ እጁን ያዙ፤ ውሃው 500 ሜትር ገደማ ነው የሚወረወረው። ትንሽ ልጅ ራሱን እንዳመመው በቃል ስለማይነግራችሁ ከፍ ወዳለው አታውጡት።

ስመለስ ጉልበቴ ለሳምንት ያመኛል። ምን ላድርግ?

ወደ ላይ ስትወጡ ሳይሆን ስትወርዱ ነው የተጎዳው። ምርኩዙን ቁልቁለት ላይ ረዘም አድርጉት፣ መጀመሪያ ምርኩዙ ይረፍ፣ ከዚያ እግር። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ቤት ስትገቡ ሁለት ቀን ሜዳ ሜዳውን ተራመዱ፤ አልጋ ላይ አትዋሉ። ካበጠ ወይም ደረጃ መውረድ ካቃታችሁ ግን ለሐኪም አሳዩት።